የታሸገ የድሮ ቤዝቦል ካርድ፦ ልክፈተው ወይስ እንዳለ ልተወው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል መዞር እወዳለሁ፤ ካርድ መሰብሰብ የጀመርኩትም እንደዚያ ነው። አካባቢያችን የባልቲሞር ኦሪዮልስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን አገር ስለሆነ የዝነኛ ተጫዋቹ የካል ሪፕከን ካርድ በየቤዝመንቱ ይገኛል። ወዳጆቼ ቤት ሲገዙ ወይም የድሮ ዕቃ ሲያጸዱ ላስቲክ የለበሰ ሳጥን ያገኛሉ። ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ጥያቄው ሁሌ ያው ነው፦ «ልክፈተውና ካርዱን ለግሬዲንግ ልላከው?» በየስልኩ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የታሸገ ስብስብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ካርድ በሁለት መንገድ ይሸጥ ነበር። አንዱ ፓኬት ነው፤ ምን እንደሚደርሳችሁ አታውቁም። ሌላው ኩባንያው ራሱ የዓመቱን ካርዶች አሟልቶ በአንድ ሳጥን የሚሸጠው ሙሉ ስብስብ ነው። ይህ ገጽ ስለ ሁለተኛው ነው።

ቶፕስ የሚባለው የካርድ ኩባንያ ከ1982 እስከ 1992 ያወጣው ዋናው የየዓመቱ ስብስብ 792 ካርድ ነበረው። ከእሱ ሌላ «ትሬድድ» የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። በውድድር ዘመኑ መሃል ቡድን የቀየሩና አዲስ የመጡ ተጫዋቾች የሚወጡበት ነው። ከ1981 ጀምሮ 132 ካርድ ሆኖ በሳጥን በካርድ ነጋዴዎች በኩል ይሸጥ ነበር። ፍሊር የሚባለው ኩባንያም በ1984 ተመሳሳይ ነገር አወጣ፤ «አፕዴት» ይባላል፣ እሱም 132 ካርድ ነው። ትናንሾቹን ሳጥኖች ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

ግሬዲንግ ምንድን ነው?

ካርዱን ለአንድ ድርጅት ትልካላችሁ። ባለሙያዎች ያዩታል፣ እውነተኛነቱን ያረጋግጣሉ፣ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ «ስላብ» በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይመልሱላችኋል። ትልቁ ፒኤስኤ ነው፤ ከ1991 ጀምሮ በሥራው ላይ ነው። ቤኬት፣ ኤስጂሲ እና ሲጂሲም አሉ።

የሚያዩት አራት ነገር ነው። ማዕዘን፣ ጠርዝ፣ የካርዱ ገጽ፣ እና በምስሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ህዳግ እኩል መሆኑ። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። በፒኤስኤ 10 ለማግኘት የፊት ለፊቱ ህዳግ 55 ለ 45 አካባቢ መሆን አለበት። በሚሊሜትር እናስበው። የግራና የቀኙ ህዳግ ተደምሮ 6 ሚሊሜትር ከሆነ፣ አንዱ 3.3 ሌላው 2.7 እስኪሆን ድረስ ይፈቀዳል። ልዩነቱ 0.6 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ብቻ የሚለየው የለመደ ሰው ነው።

ካርዱ የሰው እጅ አልነካውም። ታዲያ ለምን 10 አያገኝም?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። ሰው «አልተከፈተም» ሲባል «እንከን የለውም» ብሎ ይሰማል። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው።

ላስቲኩ ካርዱን የጠበቀው ከሰው እጅ ነው፤ ከፋብሪካው መቁረጫ ማሽን አልጠበቀውም። ካርዶቹ በትልቅ ወረቀት ላይ አንድ ላይ ታትመው ነው የሚቆረጡት። ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ህዳጉ ይጣመማል። ያ ካርድ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት 10 የማግኘት ዕድሉን አጥቷል። በ1982 የጠመመ ዛሬም ጠማማ ነው።

ሌላው ሳጥኑ ራሱ ነው። ላስቲክ በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ ይሄዳል። ዳር ላይ ያሉት ካርዶች ማዕዘን ይጫናል። ሳጥኑ በወደቀ ቁጥር፣ ሌላ ዕቃ በተጫነበት ቁጥር ውስጡ ያለው ይመታል።

ሦስተኛው መጣበቅ ነው። ፊታቸው የሚያብለጨልጭ ካርዶች እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ከተቀመጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንድ ጊዜ አፐር ዴክ የሚባለውን ኩባንያ የ1989 ስብስብ ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩ። ካርዶቹ እንደ ጡብ አንድ ላይ ሆነው ወጡ። ቀስ ብዬ ሳላቅቃቸው እንደ ደረቀ ቴፕ ጠሽ ጠሽ ይላሉ። የኬን ግሪፊ ጁኒየር ካርድ ያልተነካና ያማረ ነበር። መብራቱን ወደ ጎን ሳዘነብል ግን ከተጫዋቹ ትከሻ አጠገብ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ቅባቱ ተነስቷል። በቃ። እዚያው አለቀ።

ይህ የግሪፊ ካርድ የስብስቡ ቁጥር 1 ነው፤ ስለዚህ ዳር ላይ የመቀመጥ ዕድሉ ትልቅ ነው። ፒኤስኤ ከ100 ሺህ በላይ የሆኑ የዚህን ካርድ ቅጂዎች አይቷል። 10 ያገኙት 4 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ከመቶ አራት አካባቢ ማለት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹን የላከው ሰው ደግሞ በጉጉት አይቶ፣ «የኔ ጥሩ ነው» ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ነው።

ስሌቱን እንዴት ልሥራ?

ሰው የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ኢቤይ ላይ የ10ን ዋጋ ያያል፣ ከሳጥኑ ዋጋ ጋር ያወዳድራል፣ መቀስ ያነሳል። ያ 10 ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማስላት ያለባችሁ በ9 ነው። ተጠራጣሪ ከሆናችሁ በ8 ይሁን።

አንድ ምሳሌ ልሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ያወጣኋቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት። የታሸገው ባለ 132 ካርድ ሳጥን 300 ዶላር ይሸጣል እንበል። ዋናው ካርድ 10 ካገኘ 900፣ 9 ካገኘ 150፣ 8 ካገኘ 60 ዶላር ያወጣል። ለግሬዲንግና ለመላኪያ 45 ዶላር ይሄዳል። ሻጩ ድረ ገጽ 13 ፐርሰንት ገደማ ይወስዳል።

አሥር ሳጥን ከፈታችሁ እንበል። አንዱ 10፣ አምስቱ 9፣ አራቱ 8 አገኙ። ይህ ጥሩ ዕድል ነው። 900 ሲደመር 750 ሲደመር 240፣ ሁሉም 1,890 ዶላር። ለግሬዲንግ 450 ቀንሱ። ለሻጩ ድረ ገጽ 245 ቀንሱ። በእጃችሁ የሚቀረው 1,195 ዶላር ነው። ሳይከፈቱ ቢሸጡ አሥሩ ሳጥኖች 3,000 ዶላር፣ ከኮሚሽን በኋላ 2,610 ዶላር ይሰጧችሁ ነበር። ደክማችሁ፣ ወራት ጠብቃችሁ፣ ከግማሽ በላይ አጣችሁ። በየሳጥኑ የቀሩት 131 ካርዶች አንድ ላይ ቢሸጡ እንኳን ይህን ክፍተት አይሞሉትም።

ሁሉም ሳጥን እንዲህ ነው አልልም። የ9ኙ ዋጋ ብቻውን የሳጥኑን ዋጋና ወጪውን ሁሉ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ያኔ መክፈት ያስኬዳል፤ 10 ከመጣ ምርቃት ነው። መፈተሻው ቀላል ስለሆነ ሁሌ ከዚያ ጀምሩ፦ 9 ቢመጣ ይቆጨኛል? መልሱ «አዎ» ከሆነ አትክፈቱ።

ዋጋ ስታዩ ደግሞ ሻጭ የለጠፈውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማሳየት ይቻላል። 2,000 ዶላር ብሎ መለጠፍ ማንንም አያስከፍልም።

ለመክፈት የሚያጓጉት የትኞቹ ናቸው?

ለኛ አካባቢ የመጀመሪያው የ1982 ቶፕስ ትሬድድ ነው። በዚያው ዓመት በዋናው ስብስብ ውስጥ ሪፕከን ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጋር አንድ ካርድ ይጋራል። በትሬድድ ሳጥን ግን ብቻውን ነው፤ ቁጥሩ 98ቲ። የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ያደገው አበርዲን ነው። 2,632 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቷል። በመስከረም 1995 የሉ ጌሪግን የ2,130 ጨዋታ ክብረ ወሰን ሲሰብር ባልቲሞር ያበደችውን ዛሬም የሚያወሩ ጎረቤቶች አሉኝ። ለዚህ ነው ካርዱ እዚህ ሁሌም ፈላጊ ያለው። የሳጥኑ ዋጋ ከሞላ ጎደል የዚህ አንድ ካርድ ዋጋ ነው።

የ1984 ፍሊር አፕዴት ሌላው ነው። ሮጀር ክሌመንስ፣ ከርቢ ፓኬት እና ድዋይት ጉደን በአንድ ሳጥን አሉ። እዚህ ሦስት ዕድል ስላለ ስሌቱ ትንሽ ይሻላል። የ1986 ቶፕስ ትሬድድ ውስጥ ባሪ ቦንድስ አለ፤ ግን በብዛት ስለታተመ በ9 ብዙም አያወጣም።

ቶፕስ ከ1984 እስከ 1991 «ቲፋኒ» የሚባል የተለየ ኅትመት ነበረው። ሥዕሉ ያው ነው፤ ወረቀቱ ግን ነጭ፣ ፊቱ የሚያንጸባርቅ፣ ቁጥሩም በጣም ጥቂት። ሳጥናችሁ ቲፋኒ ከሆነ ምንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ያላወቀ ሰው እንደ ተራ ስብስብ ሲከፍተው አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የ1988 ቶፕስ ወይም የ1990 ዶንረስ ነው ያለኝ። እሱስ?

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ እስከ 1993 አካባቢ ካርድ እንደ ጋዜጣ ነበር የሚታተመው። ሰው ሁሉ «ልጆቼን ኮሌጅ ያስተምርልኛል» ብሎ አስቀመጠ። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም ሞልቷል። አንዱን ካርድ ግሬድ ማስደረግ ከሙሉ ሳጥኑ የበለጠ ያስወጣችኋል። ለልጅ ስጡት፤ ከፍቶ ይጫወትበት።

ላስቲኩ የፋብሪካ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ላስቲክ ማልበሻ ማሽን ማንም ሱቅ ውስጥ አለ። ስለዚህ ላስቲክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሁሉም ሳጥን ከፋብሪካ ላስቲክ ለብሶ እንዳልወጣም እወቁ። አንዳንዱን ነጋዴ ከፓኬትና ከጅምላ ሳጥን እየለቀመ በእጁ አሟልቶ ነው ያሸገው። የ1980 የሪኪ ሄንደርሰን እና የ1983 የቶኒ ግዊን ካርድ ያለባቸው ዋና ስብስቦች በብዛት እንዲህ ናቸው። በእጅ የተሟላ ስብስብ ነውር የለበትም። ግን ያሟላው ሰው ጥሩውን ካርድ ለራሱ አስቀርቶ የደከመውን ሊያስገባ ይችላል።

እኔን የደረሰብኝ ከዚህ የባሰ ነው። ከአንድ የካርድ ትርኢት የ1982 ትሬድድ «ፈጽሞ ያልተነካ» ተብሎ ገዛሁ። ላስቲኩ ጥርት ያለ ነበር። ለአርባ ዓመት ዕቃ ከመጠን በላይ ጥርት ያለ መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩም። ቤት ከፍቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 97ቲ አለ። 99ቲ አለ። መሃሉ የለም። ሻጩን ድጋሚ አላገኘሁትም።

ትልልቆቹም ይታለላሉ። በ2022 መጀመሪያ ዩቲዩበሩ ሎጋን ፖል በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የፖኬሞን ካርቶን ሲከፈት የጂ አይ ጆ ካርድ ሆኖ ተገኘ። ያ ሳጥን አስቀድሞ በአዋቂዎች ታይቶ ያለፈ ነበር።

ስለዚህ ስፌቱን እዩ፤ የተላጠ፣ የተቃጠለ ወይም ድርብ የሆነ ቦታ ፈልጉ። የሱቅ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት ከላስቲኩ በላይ ነው ወይስ በታች? ዋጋ ያለው ሳጥን ከሆነ ባለሙያ ይየው። ቤዝቦል ካርድ ኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት ያልተከፈቱ ሳጥኖችን መርምሮ በራሱ ምልክት ደግሞ ያሽጋል፤ ገዢዎችም ያምኑታል። ፒኤስኤ በበኩሉ ያልተከፈተ ፓኬት ያያል።

ሳልከፍተው ውስጡን የማይበት መንገድ አለ?

ለሙሉ ስብስብ የለም። ሳጥኑን እያወዛወዛችሁ ለመገመት አትሞክሩ፤ ማዕዘን የምትመቱት ራሳችሁ ናችሁ።

መቼ ነው «ክፈቱ» የምትለው?

ላስቲኩ ቀድሞ ከተቀደደ፣ ወይም ሳጥኑ ውሃ ነክቶት ከሆነ ክፈቱ። የታሸገበት ዋጋ እኮ አብሮ ሄዷል። እርጥበት የገባበትን ሳጥን ማቆየት ደግሞ የተረፈውን ማጥፋት ነው።

ከአንድ በላይ ካላችሁም አንዱን መክፈት ይገባኛል። የአንድ ካርቶን ሳጥኖች አንድ ላይ የተቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ ህዳግ ስለሌሎቹ ፍንጭ ይሰጣል።

ደስታውን ፈልጋችሁ ከሆነም ክፈቱ፣ ከልቤ ነው የምለው። ለአርባ ዓመት ማንም ያላየውን ነገር መጀመሪያ ማየት ትልቅ ስሜት አለው። የወረቀቱ ሽታ ራሱ ሌላ ነው። ግን ያን ጊዜ ለደስታው እየከፈላችሁ እንደሆነ እወቁት፤ «ኢንቨስትመንት ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ አለ። የምትፈልጉት ካርዱን ከሆነ፣ ሳጥኑን እንደታሸገ ሽጡትና በገንዘቡ ግሬድ የተደረገ 9 ግዙ። ካርዱ እጃችሁ ላይ ነው። ቁማሩን ሌላ ሰው ተጫውቶላችኋል። ብዙ ጊዜ የተረፈ ብርም ይኖራል።

እሺ፣ ልከፍተው ወስኛለሁ። እንዴት?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አትቸኩሉ። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቅባትም ሎሽንም አይሁን። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ፤ የቡና ስኒውን ከዚያ አርቁት። ከመጀመሪያው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ካርድ ቢጎድል ወይም በኋላ ገዢ ቢጠይቅ ማስረጃ ነው።

ላስቲኩን ከሳጥኑ ጥግ ሳይሆን ከመሃል፣ ምላጩ ወደ ውስጥ ሳይገባ ቅደዱ። ካርዶቹን በጣት ቆንጥጣችሁ አትሳቡ። ሳጥኑን አዘንብላችሁ በመዳፋችሁ እንዲያርፉ አድርጉ። ዋናውን ካርድ ለማግኘት በመሃል አትግቡ፤ ከላይ አንድ በአንድ አንሱ። ተጣብቀው እምቢ ካሉ በኃይል አታላቅቁ።

ካርዱ እንደወጣ ወዲያው ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ ከቱት። ከዚያ «ካርድ ሴቨር» በሚባለው ከፊል ጠንካራ መያዣ ውስጥ ይግባ፤ ፒኤስኤ እንዲላክለት የሚፈልገው በዚህ ነው።

የወጡትን ሁሉ ልላካቸው?

አይደለም። መጀመሪያ እናንተ ዳኛ ሁኑ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ማስመሪያ በቂ ነው። ህዳጉን ለኩ። ማዕዘኖቹ ላይ ነጭ ነጥብ ፈልጉ። የእጅ ባትሪ ከጎን አብርታችሁ ገጹን እዩ። የራሴን የሪፕከን ካርድ እንዲህ ሳየው ማዕዘኑ መርፌ ነበር፣ ገጹም መስታወት። የግራው ህዳግ ግን እንደ ክር ቀጭን፣ የቀኙ ደግሞ እጥፉ ነበር። ሳልልከው ቀረሁ፤ ዛሬም ያለ ስላብ አለኝ፣ እወደዋለሁ።

ስትልኩ የካርዱን ዋጋ እናንተ ትሞላላችሁ፤ ክፍያውም በዚያ ይወሰናል። ውጤቱ ከጠበቃችሁት በላይ ከሆነና ዋጋው ከዚያ እርከን ካለፈ ፒኤስኤ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጊዜውም ይለያያል። በመጋቢት 2021 ሥራ በዝቶበት ርካሾቹን አገልግሎቶች አቁሞ እንደነበር አስታውሱ።

የምንከባከባቸው አዛውንት ሰጡኝ። ልውሰደው?

በሆም ኬር የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ይህን ትጠይቁኛላችሁ። ከመውሰዳችሁ በፊት ለልጆቻቸው ንገሩ፣ ለምትሠሩበት ቦታም አሳውቁ። «አሮጌ ካርቶን ነው» የተባለው ነገር ሺህ ዶላር ሲያወጣ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል። ብዙ ቀጣሪዎችም እንዲህ ያለ ስጦታ አይፈቅዱም።

ብሸጠው ታክስ አለው?

አሜሪካ ውስጥ ካተረፋችሁ አዎ። ካርድ በሕጉ እንደ መሰብሰቢያ ዕቃ ይቆጠራል። ከአንድ ዓመት በላይ ይዛችሁት ከሸጣችሁ የፌደራሉ ታክስ በትርፉ ላይ እስከ 28 ፐርሰንት ይደርሳል። የገዛችሁበትን ደረሰኝና የግሬዲንግ ወጪውን አስቀምጡ።

አልከፍተውም ብል የት ላስቀምጠው?

ከቤዝመንት አውጡት፤ ዛሬውኑ። በጋ ላይ የሜሪላንድ ቤዝመንት እርጥበት ካርድ ያጣብቃል። ጣሪያ ስር ያለው ክፍልም በሙቀቱ አይሆንም። መኝታ ቤት ያለ ቁም ሳጥን፣ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ይበቃል። ላዩ ላይ ምንም አትጫኑ። ላስቲኩን ራሱ ከመቀደድ የሚጠብቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን በጥቂት ዶላር ይገኛል። እኔ የቀረኝን አንድ የታሸገ የ1982 ትሬድድ እንዲህ ነው ያስቀመጥኩት። ልጄ በሳምንት አንዴ «አባ፣ መቼ ነው የምንከፍተው?» ትለኛለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አብረን እንድንወስን ተስማምተናል።